የእትዬ ገለቴ ሦስት ጎታዎች

ስለ ቆሻሻ መጣያ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ደሳለ እባላለሁ። የተወለድሁት ወገል ጤና ነው፤ የምሠራው ላሊበላ፣ አፋፍ ላይ በተሠራ ትንሽ ሆቴል ውስጥ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊ ሆኜ ነው። ኃላፊ ማለት ቁልፍ ያዥ፣ ገበያ ሯጭ፣ ወቀሳ ተቀባይ ማለት ነው። አምፖል ሲቃጠል «ደሳለ!»፣ ሳሙና ሲያልቅ «ደሳለ!»፣ ዝንጀሮ በረንዳ ላይ ወጥቶ የእንግዳ ቁርስ ሲያነሣም «ደሳለ!» ነው። ስለዚህ ሥራ አስኪያጃችን ዳግማዊት የቆሻሻ ስብሰባ ስትጠራ፣ ነገሩ ማን ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ ገና ወንበር ሳልስብ አውቄዋለሁ።

እንግዳ ከጠፋበት ከዚያ ክፉ ጊዜ በኋላ አንድ ሁለት እያለ መመለስ ጀምሮ ነበር። እንግዳ የሚልክልን አስጎብኚ ድርጅት ታዲያ «ሰዎቻችን ቆሻሻችሁ የት እንደሚሄድ እየጠየቁን ነው» አለን። የት እንደሚሄድማ ሁላችንም እናውቃለን፤ ገደሉ ውስጥ ነው የሚሄደው። ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ግማሹ ተመልሶ ይመጣል። ዳግማዊት ይህን መልስ ለድርጅቱ ልትጽፍ አልቻለችም። «ከእንግዲህ እንለያለን» አለች። «ሃይላንዱ ለብቻ፣ ወረቀቱ ለብቻ፣ የምግብ ትራፊው ለብቻ። መጣያው ራሱ ደግሞ አካባቢን የማይጎዳ መሆን አለበት።»

መጀመሪያ ከአዲስ አበባ የሚመጡ፣ እግራቸው ጎማ የሆነ ባለ ቀለም የፕላስቲክ መጣያዎችን በስልኳ አሳየችን። ፕላስቲክ ለመሰብሰብ ሌላ ፕላስቲክ ልንገዛ ነው ወይ ብዬ ስጠይቅ ስልኳን ዘጋችው። እኔ በርሜል ይቆረጥ አልሁ። ክረምት ይዝጋል፣ በጋ ፀሐይ ሲያገኘው ትራፊውን ያፈላዋል ተባልሁ። የቀርከሃ ቅርጫትም ተነሥቶ ነበር፤ የወጥ ቤቱ ሰው ፍሳሹን ማን ሊጠርግ ነው ብሎ ጮኸ። እንዲህ እየተጨቃጨቅን ሳለ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው የነበሩት እትዬ ገለቴ አፋቸውን በነጠላቸው እንደሸፈኑ «ጎታ ብሠራላችሁስ?» አሉ።

ሁላችንም ዞር አልን፤ እትዬ ገለቴ በስብሰባ ላይ ሲናገሩ ሰምተን አናውቅም ነበርና።

የጽዳት ኃላፊያችን ናቸው። አገራቸው ወደ ሹምሽሃ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች አንዲት ጎጥ ናት፤ አሁንም ማለዳ ከዚያ በእግራቸው ወጥተው ሥራ ይገባሉ። ባላቸው የሞቱት ልጃቸው ገና ዳዴ ሲል ነው። ከዚያ ወዲህ መሬቱን ለእኩል አራሽ እየሰጡ፣ በጎን ጎታ እየሠሩ ነው ልጅ ያሳደጉት። በጎጡ «የገለቴ ጎታ አይጥ አያውቀውም» ይባል ነበር። ሙሽራ ጎጆ ስትወጣ፣ ምርት የቀናው ገበሬ እህል ማስቀመጫ ሲጠበው፣ እሳቸው ናቸው የሚጠሩት። ጦርነቱ ሲመጣ ታጣቂዎች ያንን አንድ ልጃቸውን፣ ኢያቄምን፣ ከቤት ወሰዱት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሶ ነበር። ከሌሎች ጎረምሶች ጋር ጭነት ተሸክሞ ወደ ተራራው ሲወጣ ያዩት አሉ። ሲመለስ ያየው የለም።

ይህን ያህሉን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሞቷል ብሎ ያረዳቸው ሰው የለም፣ አለ ብሎ ያበሠራቸውም የለም። የነፍስ አባታቸው አባ ወልደ ሰንበት ፍትሐት ይደረግለት ብለው ደጋግመው መክረዋቸዋል። እትዬ ገለቴ ሁልጊዜ መስቀል ይሳለሙና «ገና ነው አባ» ይላሉ። ከዚያ ወዲህም ጎታ ሠርተው አያውቁም። ሠራተኛው ዞር ብሎ ያያቸው ለዚህ ጭምር ነው።

ዳግማዊት ግን ከወንበሯ ተነሣች። ጭቃ፣ ጭድ፣ እበት፤ ሲያረጅ ፈርሶ ማሳ ላይ የሚበተን መጣያ። ከዚህ የበለጠ ለአካባቢ የሚስማማ ከየት ይመጣል? እንግዳው ራሱ ፎቶ ሊያነሣው ነው። እኔም በርሜሌ መሸነፉ ቢቆጨኝም አፌን ይዤ ተቀመጥሁ።

ሲሠሩ ማየት ደስ ይል ነበር። ጭቃውን ከጭድ ጋር ይረግጡና ያሳድሩታል። ከዚያ አንድ ዙር ይመርጉና እስኪጠነክር ይተዉታል፤ በማግስቱ ሌላ ዙር ይጨምሩበታል። አይቸኩሉም። ዳግማዊት «መቼ ያልቃል?» ስትል «ጭቃው ሲፈቅድ» ይሏታል። በእጃቸው መዳፍ ሆዱን ሲያለሳልሱ ፊታቸው ይፈታ ነበር፤ እንዲያውም አንድ ቀን ሲያንጎራጉሩ ሰማኋቸው። ቁመታቸው እስከ ወገብ የሚደርስ ሦስት ጎታዎች፣ ከነክዳናቸው፣ ከበረንዳው አጠገብ ባለ የሣር ክዳን ሥር ድንጋይ ላይ ተደረደሩ። ጆንያ ገባባቸው። የአስጎብኚ ድርጅቱ ሰው ፎቷቸውን ሲያይ አጨበጨበ አሉ።

እኔን ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አንድ ነገር ይረብሸኝ ጀመር። እትዬ ገለቴ ክዳን ከማንሣታቸው በፊት ጎታውን ያንኳኳሉ። በጣት አጥንታቸው፣ የሰው በር እንደሚያንኳኩ ነው። ያንኳኩና ጆሮአቸውን ጠጋ አድርገው ይቆማሉ። ከዚያ ነው የሚከፍቱት። የሙዝ ልጣጭና የሻይ ቅጠል ላለበት ዕቃ ነው እንግዲህ ይህ ሁሉ! መጀመሪያ «እትዬ፣ ማንን ሊያስነሡ ነው?» ብዬ ቀለድሁባቸው። አልሳቁም። ከዚያ በኋላ እሳቸው ሲያንኳኩ እኔም ሳላስበው መልስ ስጠብቅ እገኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሸለቆው ሲወጣ ደግሞ በክዳኑ ስንጥቅ ገብቶ ጎታዎቹን ከሆዳቸው ያስጮኻቸዋል። እንግዶቹ ድምፁን ወደዱት፤ እኔ ግን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቴ ስሄድ በዚያ በኩል ማለፍ ተውሁ።

ዋናው ጣጣ የመጣው በጋሪው ነው። ዳግማዊት ሥርዓት አወጣች፤ እትዬ ገለቴ ጎታዎቹን አይተው ሞልቷል ወይም ባዶ ነው ብለው ይነግሩኛል፣ እኔ በእውቀቱ ለሚባለው ባለ አህያ ጋሪ እደውላለሁ፣ እሱ መጥቶ ይጭናል። በመጀመሪያው ቀን «እትዬ፣ እንዴት ነው?» አልኋቸው። «ሞልቷል» አሉኝ። በእውቀቱ ያንን ዳገት አህያውን እየገፋ ወጣ፤ ክዳኑን ሲያነሣ ሁለት ሃይላንድ ተጋድመው አገኘ። «ምነው ደሳለ፣ በአህያዬ ትቀልዳላችሁ?» አለኝ። በሚቀጥለውም ጊዜ «ሞልቷል» አሉኝ፤ ምንም አልነበረበትም። ሦስተኛ ጊዜ ስደውል ስልኩን አላነሣም። ያን ጊዜ ታዲያ እውነትም ሞልቶ ነበር። ትራፊው ሸተተ፤ ዝንጀሮዎቹ ጆንያውን ጎትተው በረንዳውን ሠርግ ቤት አስመሰሉት።

ዳግማዊት ተቆጣች። «ሆን ብለው ነው የሚያሾፉብን?» አለችኝ። የአስጎብኚ ድርጅቱ ሰው ሊጎበኘን ቀን ቆርጦ ነበር። እኔም «ማሾፍ አይደለም፤ ልማድ ነው» አልኋት። በእኛም አገር በአሮጊቶቹ ዘንድ አለ። ጎታ «ባዶ» አይባልም። ባዶ ያሉት ጎታ ባዶነቱን ይለምደዋል ይባላል። እህሉ አልቆ ጥራጊው እንኳ ባይኖር፣ ልጅ ተልኮ ሲመለስ «ሞልቷል» ነው የሚል። እናትየው ታውቃለች፤ ነጠላዋን ለብሳ ጎረቤት ብድር ትሄዳለች። ዳግማዊት ትንሽ ፈገግ አለችና «እንግዲያው ንገራቸው፤ ይሄ የቆሻሻ ነው። መናገር ካልቻሉ ጎታዎቹ ይነሣሉ» አለች።

ነገርኋቸው። ከጎታዎቹ አጠገብ ጆንያ እያራገፉ ነበር። «እትዬ፣ ይሄ ገብስ አይደለም የያዘው። ባዶ ቢሉት ማን ይራባል? አንድ ቃል እኮ ነው» አልኋቸው። እየሳቅሁ ነው ያልሁት።

ጆንያውን አስቀመጡና ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ያዞራቸው መስሎኝ ውሃ ላመጣ ስል በእጃቸው አስቆሙኝ።

«አንድ ቃል ነው አልኸኝ፣ ደሳለ?»

ጆንያውን ከፊታቸው አነሣሁላቸው።

«ያን ጊዜ የጎጡ ሰው ሁሉ ልጁን ሸሸገ» አሉ። «አንዱ ዋሻ፣ አንዱ ገደል። እኔ ጎታ ነበረኝ፤ በእጄ የሠራሁት፣ ከሰው ቁመት የማይተናነስ። እህሉ አልቋል። ኢያቄምን እዚያ አስገባሁት። ጭድ አነጠፍሁለት፣ ውሃ ሰጠሁት፣ ክዳኑን ገጠምሁ። 'እኔ ሳላንኳኳ ድምፅህን እንዳታሰማ፣ ሳላንኳኳ እንዳትወጣ' አልሁት። ቀልደኛ ነበር ልጄ። 'ገብስ ሆንሁልሽ' አለኝ ከውስጥ።

«መጡ። ርቧቸዋል፤ ከንፈራቸው ደርቋል። ክፉም አልተናገሩኝ። አንደኛው እንዲያውም 'እናቴ' ነው ያለኝ። ጋኑን አዩ፣ ሌማቱን አዩ፣ የለም። ሊወጡ ነው፤ ፊተኛው ደጅ ደርሷል። ያ 'እናቴ' ያለኝ ዘወር አለና ጎታውን በአገጩ አሳየኝ። 'ይሄስ?' አለኝ።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከነጠላው ውስጥ ሆነው ነው የጨረሱት።

«'ሞልቷል' አልሁት።»

ነፋሱ አልነበረም። ጎታዎቹም ዝም ብለዋል።

«አስቤ አይደለም፤ አፌ ነው» አሉ። «ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ቃል ነው፤ ጎታ ሲጠይቁኝ ሌላ አላውቅም። ያገሬ ሰው ቢሆን ገብቶት ይወጣ ነበር። የተራበ ሰው ግን ሞልቷል ስትለው እህል ነው የሚታየው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ምነው ዝም ባልሁ። ምነው ባዶ ባልሁ። ሲያወጡት አላለቀሰም፣ አልለመነም። ዞር ብሎ አየኝና 'እማዬ፣ አንቺ እኮ አላንኳኳሽም' አለኝ። ይኸው ነው ያለኝ። ያ 'እናቴ' ያለኝ ሰውዬ ክዳኑን መልሶ ገጠመው። ከዚያን ቀን ወዲህ አልከፈትሁትም። እዚያ እንደሌለ አውቃለሁ፤ እብድ አይደለሁም። ግን አልከፈትሁትም።»

እኔ አልቃሻ አይደለሁም። ያን ቀን ግን ግምጃ ቤቴ ገብቼ በሩን ከውስጥ ቆለፍሁት። ያለቀስሁት ለእሳቸው ብቻ አይመስለኝም። «አንድ ቃል እኮ ነው» ያለው የራሴ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ እየተመላለሰ አላስቀምጥ አለኝ።

ለዳግማዊት ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። «ዛሬውኑ ይፍረሱ» አለች። «ሴትዮዋን በየቀኑ እየገደልናቸው ነው። በርሜል ቁረጥ፣ ምንም ይሁን።» በርሜሌ በመጨረሻ አሸነፈ ማለት ነው፤ ቅንጣት ደስታ አልሰጠኝም። ሄጄ ለእትዬ ገለቴ ስነግራቸው ግን ብድግ አሉ።

«ምን አጠፉ እነሱ?» አሉኝ። «እንዳታስነካቸው። እኔ የሠራኋቸው እኮ ለዚሁ ነበር። ጎታ ጥራጊ ሲይዝ ባየው፣ ጎታ ሁሉ ጭቃ መሆኑ ይገባኝ ይሆናል ብዬ ነው። ያልቻልሁ እኔ ነኝ።» ከዚያ የእጃቸውን እድፍ ፈገፈጉ። «ነገ ሰንበት ነው። ከቅዳሴ በኋላ ቤቴ ና። ያንን ክፈትልኝ። እሱን ከቻልሁ እነዚህን ባዶ ማለት አያቅተኝም።»

ምን እየጠየቁኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ያ ጎታ ተከፍቶ ባዶ ነው ከተባለ ኢያቄም የለም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ለአባ ወልደ ሰንበት «ገና ነው» የሚባልበት ምክንያት አይኖርም። ሌላ ሰው ይፈልጉ ልላቸው አሰብሁ። ግን በምን አፌ? አንድ ቃል ነው ያልሁት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ባጃጁ መንገድ ዳር አወረደኝና ቁልቁል ሄድሁ። የጎረቤታቸው የይማርሽ ደጅ ላይ ገብስ ተሰጥቶ ነበር፤ ዶሮ እያባረረች ሰላም አለችኝ። እትዬ ገለቴ ከቅዳሴ እንደተመለሱ፣ ነጭ ልብሳቸውን እንደለበሱ ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። ወደ ውስጥ አልተከተሉኝም። መቃኑን ተደግፈው ጀርባቸውን ሰጡኝ።

ቤቱ ጨለማ ነው። ጎታው ጓዳው ጥግ ላይ ቆሟል፤ ሰው ግድግዳ ተጠግቶ የቆመ መስሎኝ ክው አልሁ። የሆቴሉ ጎታዎች የዚህ ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል፤ ያው የእጅ ሥራ፣ ያው ሆድ። ክዳኑ ላይ ሸረሪት አድርታለች። በርጩማ ላይ ወጣሁና በሁለት እጄ ነቅነቅ አደረግሁት፤ ተጣብቆ ነበር፣ ግን ለቀቀ። የአሮጌ ጭድ ሽታ ፊቴን መታኝ። በስልኬ መብራት ወደ ታች አየሁ።

«ምን አለ?» አሉኝ ከደጅ።

ጭዱ መኻሉ ጎድጉዷል። የተቀመጠበት ነው። ከጎኑ አንድ ሃይላንድ ቆሟል፣ ክዳኑ ተከድኖ።

«ሃይላንድ አለ፣ እትዬ። ውሃ ያለበት።»

ጀርባቸውን እንደሰጡኝ ነው የጠየቁኝ። «አልጠጣውም?»

«ጠጥቷል። ተጋምሷል።»

«ጠጥቷል» አሉ፣ ለራሳቸው። «ውሃ ጥም አልያዘውም። ሌላስ?»

እጄን ሰድጄ ሃይላንዱን አወጣሁት። ከበርጩማው ወረድሁ። ሌላስ ማለታቸው ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሳቸውም እንደማውቅ ያውቃሉ። በእኛ አገር ሞት እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ቄስ ተጠርቶ፣ ጎረቤት አስቀድሞ ተነግሮት፣ በማለዳ ነው የሚነገረው፤ የሚይዝ ክንድ፣ የሚደግፍ ትከሻ ተዘጋጅቶ። እኔ ብቻዬን ነበርሁ።

«ባዶ ነው፣ እትዬ» አልኋቸው።

መጀመሪያ ምንም አልሆኑም። ትከሻቸው ብቻ ዝቅ አለ። ከዚያ፣ ከዚያች ቀጭን ሴትዮ ደረት ይወጣል ብዬ የማላስበው እሪታ ወጣቸው። «ልጄን! ልጄን! ገብሴን!» እያሉ መቃኑን ለቀው መሬት ላይ ተቀመጡ። ለእነዚያ ዓመታት ሁሉ ይዘውት የኖሩት እሪታ ነው።

ይማርሽ ስጧን ለዶሮ ትታ እየሮጠች መጣች። ነጠላዋን እያዘቀዘቀች «ማነው? ማነው የሞተው?» አለች።

«ኢያቄም!» አሉ እትዬ ገለቴ።

ይማርሽ ቀና ብላ አየችኝ። ልጁ እንደማይመለስ ታውቅ ነበር፤ ጎጡ ሁሉ ያውቅ ነበር። ቢሆንም አጠገባቸው ተንበርክካ እጃቸውን ያዘችና እንደ አዲስ ሞት ጠየቀቻቸው። «መቼ፣ እቴ? መቼ?»

«አሁን» አሉ። «አሁን፣ ደሳለ አረዳኝ።»

ይማርሽ ደረቷን መታችና እሪ አለች። ከታች ካሉት ቤቶች ሰው መውጣት ጀመረ፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ ሴቶቹ ከወዲያው እያለቀሱ። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ሃይላንዱ በእጄ ነው፤ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።